ከጋቢናው ጀርባ ያለችው ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ማረፏን የነገረችኝ ማርታ ናት። አንድ ሽማግሌ ሆስፒታል አድርሰን፣ አምቡላንሱን ከሕንፃው ጥላ ሥር አቁሜ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ ሞተሩን አስነሥቼ ተቀምጬ ነበር። ማርታ ከኋላ ወርዳ በእኔ በኩል መጣችና ስልኳን እንደያዘች ቆመች። መስታወቱን አወረድኩ።

"ሰኢድ፣ ሲስተር አረፈች" አለችኝ።

የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም። በእኛ ድርጅት ሴት ነርሶቹ ሁሉ ሲስተር ይባላሉ፤ ያለ ስም ሲስተር የምትባለው ግን አንዷ ብቻ ነበረች። ደብረ ማርቆስ፣ እህቷ ቤት ሳለች፣ ጠዋት ለሥራ ስትዘጋጅ ራሴን ብላ ተቀመጠች፤ በዚያው አልተነሣችም። ደም ግፊት ነው ይላሉ። ማርታ ይህን የሰማችው እህትየው ከላከችላት የድምፅ መልእክት ነው። አሰምታኝ ሳትጨርስ ጥሪ መጣና ሄድን። መንገዱን ሁሉ ከኋላ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር። ሕመምተኛ አልጫንንምና ተውኳት።

የሞተ ሰው ሲነሣ ደግነቱ ይወራል። ሲስተር አስካለን ደግ ነበረች ብዬ ብጀምር ግን የሚያውቋት ይስቁብኛል። ቁጡ ነበረች። ቁጣዋ ደግሞ የሌላ ሰው ዓይነት አልነበረም። ተራ ወሬ ስታወራ ከግቢው ማዶ የምትሰማው ሴትዮ፣ ስትናደድ ድምፅዋ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ጠጋ ካላሉ አይሰማም። "ስጮህ አትፍሩኝ" ትለን ነበር፤ "ዝቅ ስል ነው መጠንቀቅ።"

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሪያድ መጥቼ ብዙ ጊዜ የውኃ ቦቴ ከነዳሁ በኋላ ነው ሕመምተኞችን ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት የሚያመላልስ የግል ድርጅት ውስጥ የገባሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ፣ ነርሷ ከኋላ ከሕመምተኛው ጋር። በመካከል ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ተንሸራታች ትንሽ መስኮት። ሕመምተኛዋ ሴት ከሆነች ነርሷም ሴት መሆን አለባት። ወንድ ነርሶች ስለሚያንሱ ግን ሲስተሮቹ ወንድ ሕመምተኛ ጋርም ይገባሉ።

የመጀመሪያ ቀን ከእሷ ጋር ሲመድቡኝ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እስከ አንገቷ የቆለፈች፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት መጣች። እንዴት አደሩ አልኳት።

"ወንድሜ፣ አንቱታውን ተወው። ሳልደርስበት አታስረጀኝ" አለችኝ። ቀጥላ የኋላውን በር ከፈተችና "ውጣና ተኛ" አለች።

ቃሬዛው ላይ አስተኝታ በቀበቶ አሰረችኝ። ሌላ ሾፌር ጠርታ በሰፈሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ አዞረችኝ። አንገቴ ሊቀጭ ደረሰ። ስንመለስ ፈታችኝና "አሁን ፍሬን ስትይዝ ማንን እንደምታንገላታ ገብቶሃል፤ ያላ፣ ወደ ሥራ" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጉብታ ሳይ እግሬ ራሱ ይለሰልሳል።

ሕመምተኛ ከመንካቷ በፊት ስሟን ትናገራለች፣ ፈቃድም ትጠይቃለች። "አስካለ እባላለሁ። አሁን ክንድዎን ልይዝ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?" በአረብኛ ነው የምትለው፣ በጎጃም ዜማ። ራሱን የሳተ ሰውም ቢሆን ይህን ሳትለው አትነካውም። አንድ ቀን "አይሰማሽም፣ ለምን ትደክሚያለሽ?" ብላት፣ "ራሱን ቢስትም አካሉን ለእኛ ጥሎልን አልሄደም" አለችኝ። ከዚህ በላይ አላብራራችም።

እኔ የዚህ ሥራ አደጋ ያለው መንገዱ ላይ ነው ብዬ አምን ነበር። የሚሮጠው መኪና፣ አሸዋው፣ ሙቀቱ። አንድ ቀን ግን ጉልበቱን ታክሞ የወጣ ነጋዴ ወደ ቤቱ ወሰድን። ሰውዬው ደህና ነው፤ እየሳቀ ነው የወጣው፣ እየሳቀም ወረደ። ሲስተር ግን ከወረደ በኋላ እጇን በአልኮል ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች፣ እንደገና። ባዶውን ስንመለስ ጋቢና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሰኢድ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምን እንዳለ ታውቃለህ?"

"ሕመምተኛ ነዋ።"

"ሌላ አገር ነው" አለች። ድምፅዋ ወርዶ ስለነበር የማቀዝቀዣውን ነፋስ ቀነስኩት።

ያን ቀን የነገረችኝን ከዚያ በፊት ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ያዳለጠ መስሎ ጭን ላይ የሚያርፍ እጅ። በጠባቡ ቦታ ላይ አስታማሚ ነኝ ብሎ ጉልበቱን የሚያስጠጋ ዘመድ። ራሱ የሚችለውን ነገር አልቻልኩም፣ ልብሴን አውልቂልኝ የሚል ጎልማሳ። በር ዘግቶ ስልክ ቁጥርሽን ካልሰጠሽኝ አላሳልፍሽም የሚል ዘበኛ። ነርስ ልጆቹ ማታ መኝታ ቤታቸው ገብተው ይታጠባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ጠዋት ተመልሰው ይወጣሉ። ለአለቃ ሲነግሩ የሚያገኙት መልስ አንድ ነው። የታመመ ሰው ነው፣ የሚያደርገውን አያውቅም።

"በሽታው እጁ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው?" አለች ሲስተር። አልሳቀችም።

እሷ የራሷን ዘዴ አበጅታ ነበር። ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ የሕመምተኛውን ሁለት እጆች ከቀበቶው ሥር ታስገባለች፤ ለደኅንነትዎ ነው ትላለች። ከራስጌ እንጂ ከጎን አትቀመጥም። የመካከሉን መስኮት አትዘጋም። ከእኔ ጋር ደግሞ ተስማማን፤ ግድግዳውን ሁለቴ ከመታች፣ የትም ልሁን የት፣ ማን ይጫን ማን፣ መኪናዋን ዳር አስይዤ የኋላውን በር እከፍታለሁ። ይህንኑ ጀራዲያ ሰፈር ባለው የነርሶች ማደሪያ ለአዳዲሶቹ ልጆች ሁሉ አስተማረቻቸው፤ ለሐበሾቹም፣ ለፊሊፒኖቹም፣ ለሕንዶቹም። ማርታ ያኔ ከሐዋሳ ገና መምጣቷ ነው። ቀና ብላ ሰው የማታይ ልጅ ነበረች። "አፈርኩ ሲስተር" ስትላት፣ "አንቺ ምን ልከሽ ነው የምታፍሪው? እጁን የላከው ይፈር" ብላታለች። ማርታ ይህንን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች።

አሁን ሱለይማኒያ ሰፈር ወዳለው ቤት ልምጣ።

ኡም ናስር የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ። በየሁለት ቀኑ ለእጥበት እንወስዳቸዋለን። ትልቅ ግቢ፣ ረጅም አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የሚታዩ የተምር ዛፎች። የቤት ሠራተኛዋ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ ደጅ ታመጣቸዋለች፣ እኛ እንቀበላቸዋለን። ሲስተርን ይወዷት ነበር። እሷ ካልመጣች መኪናው ውስጥ አልገባም ይላሉ። ብዙ አይናገሩም፤ ክንዷን ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ናስር የበኩር ልጃቸው ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ንጹሕ ነጭ ልብስ የሚለብስ፣ ሽቶው ከመምጣቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። መጀመሪያ በራሱ መኪና ይከተለን ነበር። በኋላ "እናቴ ትፈራለች" ብሎ ከኋላ ከእነሱ ጋር መሳፈር ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን አውርደናቸው ስንመለስ ሲስተር "ይህ ሰው እናቱን አያይም" አለችኝ።

"ማንን ነው የሚያየው?"

እጇን በአልኮል ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደሚጀመረው ነው የጀመረው። ሃይማኖቷን ጠየቃት። ባል እንዳላት ጠየቃት። ሽቶ አመጣላት፤ አልተቀበለችም፤ ቀሚሷ ላይ ጥሎላት ወረደ። ቀጥሎ ጉልበቱ። እኔ በስፖኪዮ መንገዱን እንጂ እነሱን አላይም። በመስኮቱ የሚመጣው ድምፅ ግን ነበር፤ የእሱ ለስላሳ፣ የማያቋርጥ፣ የሚያባብል ድምፅ። በመካከሉ ደግሞ የሲስተር ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ። አንድ ቀን ጭራሽ ጠፋ። ወዲያው ግድግዳው ሁለቴ ተመታ።

አውራ ጎዳናው መሐል ነበርን። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩ፤ ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ናስር እግሩን አነባብሮ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ሲስተር ጣሪያው ስለማያስቆማት ጎንበስ ብላ፣ በአንድ እጇ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ በሌላው የራሷን ደረት ሸፍናለች። የላይኛው ቁልፍ ተፈቷል።

"ወይ ከፊት ይቀመጣል፣ ወይ በእግሩ ይሄዳል" አለች በአረብኛ። እኔ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት።

ወረደ። ልብሱን አራግፎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ ሆስፒታሉ በር አንድ ቃል አልተናገረም። ልቆም ስል ግን "ኢቃማህ በማን ስም ነው?" አለኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው።

"በድርጅቱ።"

"ድርጅቱስ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ።

"እኔ አውቃለሁ" ብሎ ወረደ። በሩን ሲዘጋው እንኳ በእርጋታ ነው።

ያኑ ዕለት ሲስተር ወደ ሙዲሩ፣ ወደ ኃላፊያችን ማለት ነው፣ ይዛኝ ገባች። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሻይ አስመጣልን፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፣ ጺሙን አሻሸ። "ሲስተር፣ ትልቅ ቤተሰብ ነው። እኔም ከበላዬ ሰው አለ። ኸላስ፣ በቃ፣ አንቺን ከዚያ መስመር ላንሣሽና ማርታ ትግባበት" አላት።

"ማርታ ስትገባ እሱ ይወጣል?"

ሙዲሩ ሻዩን አማሰለ።

"እንግዲያው አታንሣኝ" አለች።

ደረጃውን ስንወርድ ተቆጣኋት። በገዛ እጇ መውጫዋን ስትዘጋ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። "እኔ የወጣሁበት በር ማርታን ነው የሚያስገባት" አለችኝ። "አትፈሪም?" አልኳት። ቆመች። "በጣም እፈራለሁ እንጂ። ባልፈራ ለአንተ መች እነግርህ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ናስር ጠፋ። ለሳምንታት አሮጊቷንና ሠራተኛዋን ብቻ ነው የምናየው። እኔ ነገሩ አልፏል ብዬ ተነፈስኩ። እሷ ግን ያኔ ነው የባሰባት። ጋቢና ስትቀመጥ ወሬ ተወች፤ ወደ ኋላ እየዞረች መንገዱን ታያለች። አንድ ምሽት ላይ ጀራዲያ ማደሪያዋ ሳደርሳት "እዚያ ማዶ ያለውን ነጭ መኪና እየው" አለችኝ። መስታወቱ ጥቁር የሆነ፣ ሞተሩ የተነሣ መኪና ከማደሪያው በር ፊት ለፊት ቆሟል።

"ሌላ ሰው ይሆናል" አልኳት።

"ይሆናል። ትናንትም ሌላ ሰው ነበር" አለችና ወረደች። እስክትገባ ጠበቅኩ። መኪናውም ጠበቀ።

ጥሪው የመጣው አንድ ቀን ከዐስር ሰዓት ጸሎት በፊት ነው። ኡም ናስር ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ቶሎ ድረሱ ተባልን። ቀኑ የእጥበት ቀናቸው አልነበረም። ሲስተር ከኋላ ኦክስጅኑን እያዘጋጀች በመስኮቱ "ማን ነው የደወለው?" አለችኝ። ጥሪ ተቀባዩን ጠየቅኩት፤ ልጃቸው አለኝ። ኦክስጅኑን ቃሬዛው ላይ ስታስር ተሰማኝ። "ምናልባት እውነት ከሆነስ" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። የቤት ሠራተኛዋ የለችም። የአሮጊቷ ተሽከርካሪ ወንበር ሁልጊዜ ከሚቆምበት የለም። ናስር ራሱ የሳሎኑን በር ከፍቶ ባዶ እግሩን ቆሟል።

"ከላይ ናት። አንቺ ግቢ። ሾፌሩ ውጭ ይቆይ፣ ሴቶች አሉ" አለ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የማይዛመድ ወንድ ሴት ያለበት ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ ብዙ ቤት ደጅ ላይ ነው የምቆመው። ሲስተር ግን ቃሬዛውን ራሷ ገፋችና ግማሹን ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ውጭ አድርጋ በሩ መሐል አቆመችው። የጎማውን ፍሬን በእግሯ ረገጠች። ይህን ስታደርግ ቀና ብላ አላየችኝም። በአማርኛ "ሰኢድ፣ ከዚህ አትነቃነቅ" አለች።

ደረጃው ሥር ደርሳ ቆመች። "ኡም ናስር" ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣ እንኳ አይሰማም፤ ሙቅ አየር ነበር የሚወጣው። ሕመምተኛ ያለበት ቤት እንደዚያ አይሞቅም። እሷም ይህንኑ ያሰበች ይመስለኛል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"አንተ፣ ከመኪናው ኦክስጅን አምጣ" አለኝ ናስር።

"ይዘነዋል" አልኩ። ቃሬዛው ላይ ነበር።

ከዚያ የሆነው ፈጥኖ ነው የሆነው። የእጇን አንጓ ያዘ፤ ከደረጃው ጎን ወዳለ ክፍል ጎትቶ አስገባትና በሩ ተዘጋ። የሰማሁት የሲስተርን ድምፅ ነው። ዝቅ አላለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ድምፅ ነበር፤ ስሜን ነበር የምትጠራው።

የሰው ቤት መግባት፣ ያውም የውጭ ዜጋ ሆኖ፣ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። እስር አለው፣ ተርሒል አለው፤ አስረው ወደ አገር መመለስ ማለት ነው። ይህንን ሁሉ አስቤ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። የቃሬዛውን ፍሬን ፈትቼ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። መጀመሪያ ስመታው በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛ ስመታው መዝጊያው ተነቀለ። ሲስተር ግድግዳው ጥግ ወለል ላይ ናት። ሻሿ ተገፏል፤ ከንፈሯ ይደማል፤ የሥራ ልብሷ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተቀዷል። እሱ ላይዋ ላይ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እኔን ሳይሆን በመካከላችን ያለውን ቃሬዛ ነበር የሚያየው። እጇን ይዤ አወጣኋት።

"ሌቦች ናችሁ። ሹርጣ እጠራለሁ" አለ። ፖሊስ ማለቱ ነው። ድምፁ አሁንም የተረጋጋ ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ ቁልፉን አወጣሁ። "ግቢ፣ እንሂድ" አልኳት።

"አንሄድም" አለች። "ከሄድን የሸሸነው እኛ እንሆናለን። ይጥራቸው። እኔም እጠራቸዋለሁ።"

ከመኪናው ውስጥ ነጭ አንሶላ አንሥቼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። የአምቡላንሱ የኋላ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ደውላ አድራሻውን በግልጽ ተናገረች። ውኃ ሰጠኋት፤ አፏን ልታጠብ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። "ሐኪም ሳያየኝ አልታጠብም" አለች። ናስር ከበሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ሦስታችንም ከነበርንበት አልተንቀሳቀስንም።

ጣቢያ ወሰዱን። ናስር ሴትዮዋ ገንዘብ ጠይቃኝ እምቢ ስላት ሾፌሯ በር ሰብሮ ገባ አለ። መርማሪው "የሰው ቤት ሰብሮ መግባት ወንጀል መሆኑን ታውቃለህ?" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። "ታዲያ ለምን ገባህ?" "ስለ ጠራችኝ" አልኩ። ሲስተር ሴት መርማሪ ይምጣልኝ ብላ ጠየቀች፤ መጣችላት። ሴት ሐኪምም አየቻት። የሆነውን ሁሉ ቆማ ነው የተናገረችው፤ ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

ሙዲሩ ደረሰ። ላቡን እየጠረገ፣ ክሱን ትቼዋለሁ የሚል ወረቀት ይዞ። "ሲስተር፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ፈርሚና ሁሉም ወደ ቤቱ ይግባ።"

"እኔ አልተውኩትም" አለችው በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያልተውኩትን ትቼዋለሁ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?"

እኔን የተወሰኑ ቀናት አሰሩኝ። ነገሩን የለወጡት ኡም ናስር ናቸው። መርማሪዋ በእጥበታቸው ቀን ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀቻቸው። ያሉት ይህንን ብቻ ነው አሉ። "በዚያ ቀን ሴት ልጄ ቤት ነበርኩ። ሠራተኛዬም ከእኔ ጋር ነበረች። አልታመምኩም።" ስለ ልጃቸው አንድ ክፉ ቃል አልጨመሩም፤ በጎም አልጨመሩም። የጥሪውም ድምፅ ተቀድቶ ነበር። እዚህ ትንኮሳንና ጥቃትን የሚቀጣ ሕግ አለ፤ እስከዚያ ድረስ የሚሠራው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔ ተለቀቅኩ፤ ናስር ተፈረደበት። ለእኔ ፍርዱ አነሰብኝ። ሲስተር ግን ፍርድ ቤቱ የሆነውን በስሙ ጠርቶ ሲያነበው ቆማ ሰማች፤ ሲያበቃ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቅጣት የእሷ ነው። ድርጅቱ ውሏን አላደስም አለ። "ምንም በደል የለብሽም፤ ግን ስምሽ ከበደን" አላት ሙዲሩ። ሌሎች ክሊኒኮች ልምዷን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ስሟን ሲሰሙ እንደውልልሻለን ይላሉ። ነጩ መኪና ከማደሪያው ፊት መቆሙን አልተወም። ናስር እስር ቤት ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ታዲያ ማን ነበር? ወንድም ይኑረው፣ ወዳጅ ይሁን፣ አላወቅንም። ማታ ማታ መብራቱን አብርቶ ማጥፋት ጀመረ። ልጆቹ መጋረጃ መግለጥ ፈሩ። ያኔ ሲስተር "ለእኔ የመጣ ለእነሱም ይተርፋል" አለችና የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ጠየቀች።

በጓደኛዬ መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ገባሁ። ከፍዬ ስመለስ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። ስትደማ አላለቀሰችም፣ ጣቢያም ፍርድ ቤትም አላለቀሰችም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ሰኢድ፣ ሥራዬን እኮ እወደው ነበር" አለችኝ።

አገሯ ገብታ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። ትደውልልን ነበር፤ ስለ ማርታ፣ ስለ ኡም ናስር ትጠይቃለች። ስለ ራሷ ስጠይቃት "ደህና ነኝ" ነው መልሷ። እህቷ ግን ለማርታ እንደነገረቻት፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንድ አጠገቧ ሲቀመጥ ወርዳ በእግሯ ትሄድ ነበር። ምሽት ላይ መኪና ደጃቸው ሲቆም መብራት አጥፍታ እስኪሄድ ትጠብቃለች። ደም ግፊት ከዚህ በፊት ነበረባት ወይ ብዬ ማርታን ጠየቅኳት። አልነበረባትም።

የሞቷን ወሬ በሰማን ሳምንት ወደ ሱለይማኒያ ጥሪ ደረሰን። የኡም ናስር ሴት ልጅ የእናቷን ጉዳይ በእጇ አስገብታ ከእኛ ድርጅት ጋር መልሳ ተዋውላለች። እኔ ነኝ የሄድኩት፣ ማርታ ከኋላ። አሮጊቷ በጣም ከስተዋል። ቃሬዛው ላይ ስናስተኛቸው ፊቴን አዩና "ረጅሟ ሐበሻ የት ናት?" አሉኝ።

"ሞተች" አልኳቸው።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ቀና ስል ናስር ከግቢው በር ቆሟል። ጊዜውን ጨርሶ ወጥቷል። ከስቷል፣ ጺሙ ሸብቷል፣ ልብሱ ግን ያው ነጭ ነው። ሰላም አለኝ፤ በስሜ። ማርታ እሱን በዓይኗ አታውቀውም። ቀጥ ብሎ መጥቶ በኋላው በር ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ።

"አንተ በራስህ መኪና ሂድ" አሉት እናቱ።

"እናቴ፣ አስታማሚ ያስፈልግሻል።"

"አለችኝ" አሉና የማርታን ክንድ ያዙ።

እግሩን መለሰ። ፈገግ አለ፤ ያኔ አውራ ጎዳናው ላይ እንዳየሁት። በሩን ዘግቼ ጋቢና ገባሁ። መንገዱን ስይዝ በስፖኪዮ አየሁት፤ መኪናውን አስነሥቶ ከኋላችን ገባ። ስፈጥን ፈጠነ፤ ስዘገይ ዘገየ። የመካከሉን መስኮት ወደ ጎን ገፋሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለማርታ በአማርኛ ነገርኳት።

"ከኋላችን ያለው እሱ ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፊ።"

"እግሩን ሲያነሣ ነው ያወቅኩት" አለችኝ። "ቆልፌዋለሁ፤ ንዳ።"